የካራቫኑ ቀኝ ጎማ፦ ከአዳማ እስከ ዲኪል የተጎተተ ቤት የጉዳይ ጥናት

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ካራቫን ከአዳማ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ገባ። ዲኪል ሳይደርስ የቀኝ ጎማው ኩሽኔታ፣ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው የብረት ቀለበት፣ ተቃጠለ። ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ "በረሃ ነዋ፣ ምን ይጠበቃል?" ይላል። እኔ መካኒክ ነኝ። አብሬ ሄጄ ነበር፣ ጎማውንም የፈታሁት እኔው ነኝ። በረሃው እንዳላቃጠለው በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ሙሉውን የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ የወጣ ካራቫን ገዝተው "ቀለም ቀብተን ብንጎትተውስ?" የሚሉኝ ሰዎች እየበዙ ነው።

ባለቤቱ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። በወጣትነታቸው የአሰብ መስመር ላይ ሠርተዋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሌላው ሹፌር ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞሩ፣ ጡረታ እስኪወጡም በዚያው መስመር ቀሩ። ያን ያህል ዘመን ሲመላለሱ አንድ ነገር ሳያዩ ቀርተዋል፤ አዋሽ የሚያልቅበትን ቦታ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። እኛ አዳማዎች በቆቃ ግድብ የምናውቀው፣ የወንጂን አገዳ የሚያጠጣው ወንዝ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። ጋሼ ያንን ማየት ፈለጉ። ድንኳን አልፈለጉም፣ ወገባቸው አይፈቅድም። አልጋ ያለው ነገር ይጎተት አሉ።

የሄድነው ሦስት ነን። ጋሼ፣ የእህታቸው ልጅ እና እኔ።

ምን ነበር የምንጎትተው?

ካራቫኑ አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማ ያለው ነው። አንድ ተቋራጭ ለካምፕ ያመጣው፣ ሥራው ሲያልቅ ለዓመታት በዝናብና በፀሐይ የቆመ። ይህ "ለዓመታት የቆመ" የሚለው ነገር የጉዳዩ ዋና ሐረግ ስለሆነ ያዙልኝ። የሚጎትተው ደግሞ የድሮ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር፣ ቱርቦ የሌለው። ጉልበቱ አያሰጋም።

መጀመሪያ ያደረግነው ካራቫኑን ማስመዘን ነበር። አንድ የእህል መጋዘን ባስኩላ ላይ አወጣነው። ባዶውን 1,150 ኪሎ መጣ። ውሃ፣ ምግብ፣ ጋዝ፣ ፍራሽ፣ መሣሪያ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ ሲጫን 1,680 ሆነ። እንግዲህ በአንድ አክስል፣ በሁለት ኩሽኔታ ቤት ላይ ነው ይህ ሁሉ የሚቀመጠው።

ጎማዎቹን ሳይ ጥርሳቸው አዲስ ነው። ጋሼ "ይሄማ ገና አልተነካም" አሉ። ግን የጎማ ዕድሜ በጥርስ ብቻ አይታይም። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ የተጻፈበት ትንሽ ሞላላ ሳጥን አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጆቹን ዓመት ይነግራሉ። የእኛዎቹ 2209 ይላሉ። በ2009 እኤአ በ22ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው፣ ወደ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጎናቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀጫጭን ስንጥቅ ይከፈታል። ቆሞ የኖረ ጎማ ከሚሠራ ጎማ ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። ጎሚስታው ጋ ወስደን ሁለቱንም ቀየርናቸው። ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ግን ከፈሉ።

ሌላ ያነሳሁት ሐሳብ ነበር። የካራቫኑን ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የመሐል ብረት) አውጥተን የላንድክሩዘሩን ዓይነት ባለ 6 ቡሎን ሞዞ እንግጠምለት አልኩ። እንዲያ ከሆነ የመኪናው ስኮርታ ለካራቫኑም ይሆናል፣ ኩሽኔታውም የትኛውም ከተማ ይገኛል። ቶርኖ ቤት የሚጠይቀውን ሰምተው ጋሼ "ለሌላ ጊዜ" አሉ። ይገባኛል፣ ወጪው ቀላል አልነበረም። በምትኩ ኩሽኔታዎቹን አውጥቼ ቁጥራቸውን አነበብኩ። ይህን ማንም ሰው ማድረግ ይችላል። ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የዓለም ስምምነት ነው፤ 30206 የሚል ከሆነ የትም ይሠራ የት ያው ልክ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ፤ 06 ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቁጥሮቹን በማርከር የካራቫኑ የቁም ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ለአንድ ጎማ የሚሆን አንድ ሙሉ ተለዋጭ ኩሽኔታም ገዛን።

ፍሬኑን ግን እኔ አልነካሁትም። ጋሼ ቀደም ብለው ሌላ ጋራዥ አሠርተውት ነበር። "ተጠርጓል፣ ተስተካክሏል፣ ይይዛል" ተብሎ ነው የተረከቡት። እውነትም ይይዝ ነበር።

ከወለንጪቲ በታች

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ገና በረሃ ሳንገባ ነው። ከአዳማ ወጥተን ወለንጪቲን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ፣ ፍጥነታችን 80 ገደማ ነው፣ አንድ ባለተሳቢ ከፊት መጥቶ አለፈን። ነፋሱ ገፋን። ካራቫኑ ጭራውን መምታት ጀመረ። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዱ ምት ከበፊቱ ይበልጣል። የሚነዳው የእህታቸው ልጅ እግሩ ፍሬን ላይ ሊያርፍ ሲል ጋሼ "አትንካ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ነዳጁን ብቻ ልቀቅ" አሉ። ለቀቀ። 60 ላይ ስንደርስ ረጋ። ፍሬን ቢረግጥ ኖሮ ካራቫኑ ከኋላ እየገፋ መኪናውን ሊያጥፈው ይችል ነበር። ነዳጅ ረግጬ ልጎትተው ማለትም አያዋጣም፣ ፍጥነት ሲጨምር መወዛወዙም ይብሳል። የሹፌርነት ዘመናቸው ያን ቀን ጠቀመን።

ቆመን መረመርን። ምክንያቱ የውሃ በርሜሉ ነበር። 200 ሊትር ውሃ፣ 200 ኪሎ ማለት ነው፣ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጧል። ለማውረድ ይመቻል ተብሎ ነው ከምዘናው በኋላ ወደዚያ የተወሰደው። ከአክስሉ 1.6 ሜትር ወደ ኋላ ሆነ። ካራቫኑን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ ደግሞ ከአክስሉ 4 ሜትር ወደፊት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 200 ሲባዛ በ1.6 ሲካፈል ለ4፣ 80 ኪሎ። በርሜሉ የካራቫኑን አፍንጫ በ80 ኪሎ ወደ ላይ ያነሳዋል ማለት ነው። ጋንቾው ላይ ይቀር የነበረው ክብደት 60 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆነ። 1,680 ኪሎ ለሚመዝን ተጎታች ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 በመቶ ባልራቀ መጠን ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። አፍንጫው የቀለለ ተጎታች በነፋስ ይዋኛል።

መተሐራ ስንደርስ በርሜሉን ወደ ጀሪካን ገልብጠን ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት፣ ወለሉ ላይ ደረደርነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ሲሆን 20 ኪሎ ይጨምራል። የተነሳው 80 ተመለሰ፣ 20 ተጨመረ፣ ጋንቾው ላይ ወደ 160 ኪሎ አረፈ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልተወዛወዘም። ባለተሳቢዎች ሲያልፉን ትንሽ ይገፋል፣ ወዲያው ይመለሳል።

መንገዱን በአጭሩ ላሳልፈው። የበሰቃን ሐይቅ ታቅፋ ከቆመችው መተሐራ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። ማለዳ 12 ሰዓት እንነሳለን፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲበረታ እንቆማለን። ናፍታ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ገደማ በላን።

አንድ ነገር ግን ልቆይበት፤ የጎማ አየር። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሰመራ ደግሞ ከ500 በታች። ወደ ታች ስትወርዱ የውጭው አየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ምንም ሳይቀንስ መለኪያው ዝቅ ብሎ ያነብባል። አዳማ ላይ 50 ፒኤስአይ የሞላችሁት ጎማ በተመሳሳይ ሙቀት ሰመራ ላይ ቢለካ ሁለት ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ጎማው በጉዞና በፀሐይ 30 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ስድስት ፒኤስአይ ተኩል ያህል ይጨምራል። ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ። ዋናው ነገር በሞቀ ጎማ ላይ "በዛ" ብሎ አየር አለማስተንፈስ ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ፤ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፣ ይፈነዳል። ማለዳ ሳንነሳ ለካን፣ በዚያው ልክ ቀኑን ሙሉ ሄድን። ጎማ አንድም አልፈነዳብንም።

ከጋላፊ በኋላ

ዲቾቶ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በኤሊዳርና በቡሬ ወደ አሰብ ነው፣ ሌላው ወደ ጋላፊ። ጋሼ መኪናውን አስቆሙ። "ይሄ ነበር የኔ መንገድ" አሉ፣ በአገጫቸው ወደ አሰብ መስመር እያሳዩ። ጥቂት ቆይተን ወደ ጋላፊ ታጠፍን።

ድንበር ላይ የተጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። የመኪናውና የካራቫኑ ሊብሬ ለየብቻ፣ እና የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ። ቢጫ ካርዱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፣ የኮሜሳ አባል ከሆኑ ብዙዎቹ አገሮች ውስጥ ይሠራል፣ ጅቡቲም አንዷ ናት። አገር ውስጥ ሳላችሁ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ታወጡታላችሁ። የካራቫኑ የሻንሲ ቁጥር በቀለም ተሸፍኖ ስለነበር በቢላ ፋቅን እስኪነበብ ድረስ ጠበቅን። ካራቫን ስትቀቡ እባካችሁ ያችን ቦታ ተዉአት።

ከጋላፊ እስከ ዲኪል ያለው መንገድ በዚያን ጊዜ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ቀን ከሌት የሚያልፈው ከባድ መኪና አስፋልቱን ልጦ አንስቶታል፣ ብዙ ቦታ ሹፌሩ ሁሉ ከአስፋልቱ ወርዶ በጎን በአፈሩ ይነዳል። አፈሩ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸንትሯል። በዚህ ላይ ትፈጥናላችሁ፣ ትቀዘቅዛላችሁ፣ ጉድጓድ ታያላችሁ፣ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ እንደገና ትነሳላችሁ። ያለማቋረጥ።

በየአንድ ሰዓቱ እየቆምን የጎማዎቹን መሐል በእጄ እዳስስ ነበር። ይህ ልማድ ከአሮጌዎቹ ሹፌሮች የመጣ ነው። እጅ ሞዞው ላይ አርፎ ጥቂት ሰኮንድ መቆየት ከቻለ ደህና ነው። ካልቻለ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኗል ማለት ነው፣ ይታሰብበት። ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ቺስ ካለ 100 አልፏል፣ አትንቀሳቀሱ። ሙቀት በሩቅ የሚያነብ መሣሪያም አለ፣ ግን ለፋብሪካ ማሽን የሚሆነውን ዓይነት ግዙ። ግንባር ላይ የሚያዝባችሁ የትኩሳት መለኪያ የሰውን ሙቀት ለማንበብ ብቻ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አይረዳም።

ሁለት ጊዜ ስንቆም ቀኙ ከግራው ሞቅ ብሎ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ የቀኙ ፍሬን የያዘ ይመስለኛል።"

"የበረሃው ሙቀት ነው ልጄ። ቀኙ ፀሐይ ላይ ነው።"

እውነትም ቀኙ ፀሐይ ላይ ነበር። ዮቦኪን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የተቃጠለ ሽታ መጣ። የእህታቸው ልጅ በመስታወት አይቶ "ጭስ!" አለ። ቆምን። ግራሶው ቀልጦ ከሞዞው ወጥቶ በቸርኬው ላይ እንደ ጥቁር ዘይት ተረጭቷል። ውሃ ጠብ አደረግሁ። ቺስ ብቻ ሳይሆን ጠብታዋ ዘልላ ወጣች።

ክሪክ አስገብተን አንድ ሰዓት ያህል እስኪበርድ ጠበቅን። ስፈታው የውጪው ኩሽኔታ ጥርሶቹ ተፈርፍረዋል። የውስጠኛው ቀለበት አክስሉ ላይ ተጣብቋል። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ታምቡር ሰማያዊ ሆኗል፣ እሱን እየነካ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ መልስ ያለው። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የተለመደው የሊቲየም ግራሶ ደግሞ 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ይፈሳል። ያን ቀን የአየሩ ሙቀት 30 ቢሆን ነው። ጥር ነው፣ በረሃው በጣም ገር የሚሆንበት ወቅት። የ30 ዲግሪ አየር ብረትን ሰማያዊ አያደርግም። ፀሐይም አታደርግም። ያን ያህል ሙቀት የሚወልደው ፍትጊያ ብቻ ነው። ኩሽኔታው ራሱ ጠብቆ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ከመሐል ጀምሮ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፣ ታምቡሩ መጨረሻ ይሞቃል። የእኛው ግን በጣም የተቃጠለው ሸራው የሚነካው የታምቡሩ ዳርቻ ነው። ሙቀቱ ከፍሬኑ ተነስቶ ወደ ሞዞው ገባ፣ ግራሶውን አቀለጠ፣ ኩሽኔታው ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ተፈጨ። ኩሽኔታው የሞተው በሰው ጥፋት ነው።

ፍሬኑ ለምን ያዘ? የእንዲህ ዓይነት ካራቫን ፍሬን ከመኪናው ፔዳል ጋር አይገናኝም። መኪናው ሲቀዘቅዝ ካራቫኑ በራሱ ክብደት ወደፊት ይገፋል፣ ከጋንቾው ጀርባ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዘንጉ ካቦውን (የፍሬኑን የሽቦ ገመድ) ይስባል፣ ካቦው ሸራውን ታምቡሩ ላይ ያስጠጋል። መኪናው ሲነሳ ዘንጉ ይወጣል፣ ካቦው ላልቶ በስፕሪንግ ይመለሳል። መመለስ አለበት። የቀኙን ካቦ ከታች ገብቼ ስስበው ይሄዳል፣ ስለቀው ግን ባለበት ይቀራል። ሽፋኑ ውስጥ ዝገት ሞልቷል። ለዓመታት የቆመ ያልኳችሁ ይኸው ነው። ካምፑ ውስጥ ስፍራው ዝቅ ያለ ሆኖ የቀኙ ጎን ጭቃ ላይ ሲኖር ካቦው ዝጓል። ጋራዡ ሸራውን ጠርጎ አስተካክሎ "ይይዛል" ብሏል፤ ይለቃል ወይ ብሎ ግን አልሞከረም። በአስፋልት ላይ እስከ ጋላፊ ብዙም ፍሬን አልተነካምና ጉዳዩ ተደብቆ ቆየ። ከጋላፊ በኋላ ግን በየጉድጓዱ አንድ ግፊት፣ በየግፊቱ አንድ ያልተመለሰ ካቦ። በሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ካቦውን ራሳቸው ሳቡት፣ ለቀቁት፣ አዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ አላነሱም።

መንገድ ዳር ጥገና

ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለታርጋ ሦስት ባለተሳቢ ቆመ። ሹፌሩ ጋሼን በመልክ ያውቃቸዋል። ረዳቱ ወርዶ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ወፍራም መሮ፣ ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻና ግማሽ ቆርቆሮ ግራሶ አወጣ። አክስሉ ላይ የተጣበቀውን ቀለበት በመሮ እየመታን፣ በየምቱ ቦታ እየቀያየርን፣ ወደ ውጭ ገፋነው። አንድ ቦታ ብቻ ብትመቱ ይጣመምና አክስሉን ይፍቃል። አክስሉ ከተፋቀ ደግሞ አዲሱ ኩሽኔታ ይዞራል፣ ያኔ ጉዞው እዚያ ያልቃል። ረዳቱ ገና ልጅ ነው፣ እጁ ግን የተማረ ነው። አንድ ምት እንኳ አልሳተም።

አዲሱን ኩሽኔታ ስናስገባ ግራሶውን በመዳፋችን ጨምቀን ከአንድ ጎን ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ሞላነው። ነቱን የምታጠብቁት ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ነው። መዞሩ መክበድ ሲጀምር ትንሽ ትመልሱታላችሁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ለእጅ ብቻ የሚሰማ ጥቂት ልቅነት መቅረት አለበት፣ ሲሞቅ ያቺ ክፍተት ትሞላለች። ከዚያ መቆለፊያ ፒኑን አዲስ አድርጉ፣ የድሮውን መልሳችሁ አታጥፉ።

የግራውንም ፈታሁት። ግራሶው ቡናማ ሆኗል፣ ኩሽኔታው ግን ንጹሕ ነው፤ ካቦውም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ተለዋጭ ኩሽኔታ ግን አልቆብናል። ከዚህ በኋላ አንዱ ቢሄድ የሚተካ የለም።

ምን እናድርግ? የእህታቸው ልጅ እንመለስ አለ። ጋሼ እንቀጥል አሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬን ፈትተን እንሂድ አልኩ። አንዱን ብቻ መፍታት አይሆንም፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ካራቫኑ ወደ ግራ ይጎተታል። ሁለቱን ስትፈቱ ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን የለውም ማለት ነው፣ መኪናው ብቻውን ያቆመዋል። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ነበረብን። ከውሃው ከግማሽ በላይ አወረድን። በረሃ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ፍየል እየጠበቁ ያለፉ ልጆች ከነጀሪካናቸው መጥተው ወሰዱ። ሁለት ሣጥን መሣሪያና የጋዝ ሲሊንደሮቹን ወደ መኪናው አዛወርን። ከዚያ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 ሳናልፍ፣ ከፊታችን ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ጠብቀን ሄድን። በየግማሽ ሰዓቱ ሁለቱንም ሞዞ ዳሰስኩ። እጄ ያለችግር ይቆይ ነበር። በረሃው ያው በረሃ ነው፣ መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ የተቀየረው ፍሬኑ ብቻ ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

ማታ ዲኪል ገባን። ካራቫኑን ካደርንበት ግቢ አስቀመጥነው። ከዲኪል ወደ አስ ኤላ፣ ከአስ ኤላም ወደ አቤ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ድንጋይና ደረቅ ጭቃ ስለሆነ መጀመሪያም ቢሆን ካራቫን ወደዚያ መውሰድ አልነበረበትም ባይ ነኝ። በሃርድቶፑ ብቻ፣ ከአስ ኤላ የአካባቢ ሰው ይዘን ሄድን። ሐይቁ ዳር ከመሬት የወጡ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ፣ ከሥራቸው ፍል ውሃ ይጨሳል። ጋሼ ለወገባቸው የፈለጉት አልጋ ዲኪል ቀርቶ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። ጠዋት ስለ ወገባቸው ስጠይቃቸው ስለ አዋሽ ነው የመለሱልኝ።

ከተመለስን በኋላ

አዳማ ስንደርስ ካራቫኑን ጋራዥ አስገብቼ ሁሉንም አወጣሁ። የቀኙ ካቦ ከሽፋኑ በእጅ አልወጣም፣ በሞርሳ ይዘን ነው የሳብነው። የግራውም ግማሽ መንገድ ዝጓል፣ ጊዜ ነው የጎደለው። ሁለቱም ተቀየሩ። ዘንጉ ተጸድቶ ተቀባ። ጋሼ በዚህ ጊዜ ቶርኖ ቤቱን አልተከራከሩም፤ የላንድክሩዘር ሞዞ ገባለት፣ አሁን መኪናውና ካራቫኑ አንድ ዓይነት ጎማና አንድ ዓይነት ኩሽኔታ አላቸው። የውሃ በርሜሉ ቀርቶ ከወለሉ ሥር ከአክስሉ ፊት የታሰረ ጠፍጣፋ ጋን ተበየደ።

እንዲህ ዓይነት ካራቫን ለገዛ ሰው የምሰጠው ሥራ አንድ ነው። ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱ። አንድ ሰው ጋንቾው ላይ ያለውን ዘንግ ይግፋና ይልቀቅ፣ ሌላው ጎማውን ያሽከርክር። ሲገፋ መቆም፣ ሲለቀቅ ወዲያው በነፃ መዞር አለበት። አሥር ጊዜ አድርጉት፣ በየጎማው። ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ እስከ ወንጂ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ በመንገድ ላይ ሆን ብላችሁ ደጋግማችሁ ፍሬን ያዙ፣ ግቢ ስትገቡ ሁለቱንም ሞዞ ዳስሱ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ከከተማ አትውጡ። ጋራዡ "ይይዛል" ቢላችሁ "ይለቃልስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ፊት ለፊታችሁም አስደርጉት።

ጋሼ አሁን በድሬዳዋና በደወሌ በኩል ወደ አሊ ሳቢህ መሄድ ይፈልጋሉ። ካራቫኑ ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው የፊት መስኮቱ ጎማ ነው፣ ዝናብ ያስገባል፣ ልኩን እያፈላለግኩ ነው።